ያልተነገረኝ መርዶ

ይህ ነገር የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ፣ በሰባዎቹ ዓመታት አጋማሽ፣ ፍሎረንስ በምትባለው የጣሊያን ከተማ ነው። ወሩ ግንቦት፣ ቀኑ ሐሙስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ግንቦት አልፏል፤ እኔም አርጅቻለሁ። ያን ከሰዓት በኋላ ሳስታውስ እስቃለሁ፤ ስቄ ሳልጨርስ ደግሞ ዓይኔ ይሞላል። ለሰው ስናገረው ብዙዎች ሳቁን ብቻ ይዘው ይሄዳሉ። ስለዚህ አንድ ጊዜ ከነሙሉው ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ።

የተወለድሁት ባሕር ዳር ነው። ቤታችን ከሐይቁ የራቀ አልነበረም፤ ክረምት ሲገባ እናቴ ጎመን የምትተክልበት የጓሯችን ጫፍ ውኃ ያቁር ነበር። አባቴ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበር፤ ገና ልጅ ሳለሁ ዐረፈ። ታናሽ ወንድሜም ሕፃን ሆኖ ስለ ሞተ ለእናቴ የቀረሁላት እኔ ነኝ። ጥጥ እየፈተለች አሳደገችኝ። ማንጠግቦሽ ብላ ስም ያወጣችልኝም እሷ ናት።

ለሥራ ስደርስ ባሕር ዳር ይሠራ በነበረ አንድ ጣሊያናዊ መሐንዲስ ቤት ልጆች ለመጠበቅ ተቀጠርሁ። አብዮቱ መጣና ቤተሰቡ ወደ አገሩ ሊመለስ ሲነሣ፣ ልጆቹ ስለ ለመዱኝ ይዘውኝ ሄዱ። «ልጆቹ እስኪለምዱ ነው፤ ትመለሻለሽ» ነበር የተባልሁት። እናቴም «እንግዲያው ሂጂ፣ ቶሎ ነይ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን የዚያን ጊዜ ሰው ያውቀዋል። የወጣው መግባት፣ ያለው መውጣት ቀርቶ፣ እኔ ያለሁበት ቀረሁ፤ እናቴም ያለችበት።

የሚያገናኘን ደብዳቤ ነበር። እናቴ ማንበብም መጻፍም አታውቅም። እሷ ትናገራለች፣ የጎረቤት ዲያቆን ይጽፍላታል። መልኩ ሁሌ አንድ ነው፦ እሷ ደህና ናት፣ ዝናቡ ደህና ነው፣ እኔ ጾሜን እንዳልገድፍ፣ ባዕድ አገር ነው ብዬ እንዳልዘናጋ። እያነበብሁ አለቅሳለሁ፣ ማታ ትራስ ሥር አደርገዋለሁ።

አንድ ጊዜ ግን ደብዳቤው ቀረ። ጻፍሁ፤ መልስ የለም። ደግሜ ጻፍሁ፤ የለም። ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ፣ ፋሲካም መጥቶ አለፈ። በልቤ ያለውን ለማንም አልነገርሁም። ቃሉን ካወጣሁት እውነት የሚሆን መሰለኝ። ሌሊት ሌሊት ግን እመቤቴን የምለምናት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «እናቴ በሕይወት ትኑር፤ ሌላውን እንደ ወደድሽ» እል ነበር።

በኛ አገር መርዶ ዝም ብሎ እንደማይነገር ታውቃላችሁ። ዘመድ የሞተበት ሰው ብቻውን ሳለ አይነገረውም። ጎረቤት ይመካከራል፤ የሚከበር ሽማግሌ ይጠራል፤ ሰብሰብ ተብሎ ይኬዳል። ከዚያ በፊት ደግሞ አንድ ነገር ይጣራል፦ እህል ቀምሷል ወይ? በባዶ ሆድ የሰሙት መርዶ ሰው ይጥላል። እናቴ ራሷ ለሰው መርዶ ለመንገር ስትወጣ፣ «መጀመሪያ አንዳችሁ ቀድማችሁ ግቡና ቁርስ አብሏት» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ሰው አገር ላለማ ይብሳል። ዓመትም ሁለት ዓመትም ይደበቅበታል። ደብዳቤ እየቀረ፣ እየቀረ ይሄዳል፤ ከዚያ አንድ ቀን ያገሩ ሰዎች ተሰብስበው ይመጡበታል።

እኛ ፍሎረንስ የነበርን ሐበሾች ጥቂቶች ነበርን። አብዛኞቻችን ሰው ቤት የምንሠራ ሴቶች ነን። ከኛ መሐል መርዶ ሲኖር የሚጠሩት ጋሽ አድማሱ ነበሩ። የቆላ ድባ ሰው ናቸው፤ ከሁላችንም ቀድመው ነው ጣሊያን የገቡት። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ሲስቁ እንኳ ያዘኑ የሚመስሉ ሰው። እግዚአብሔር ይማራቸውና፣ ሰው አጽናንተው አይጠግቡም ነበር። ግን ባልታሰበ ቀን እሳቸውን ደጃፍ ላይ ማየት ማንም አይወድም።

በዚያ ሳምንት ማክሰኞ ብዙነሽ ደወለችልኝ። ብዙነሽ የይፋግ ልጅ ናት፤ እንደኔው ሰው ቤት ትሠራለች፤ ጓደኛዬም እኅቴም እሷ ነበረች። በሰው ስልክ ስለሆነ የምናወራው ሁሌ እየተጣደፍን ነው።

«ሐሙስ ከሰዓት እንደ ልማድሽ እረፍት ነሽ አይደል?» አለችኝ።

«ነኝ፤ ምነው?»

«ከወንዙ ማዶ፣ ኮረብታው ላይ ያለው ጃርዲኖ እንገናኝ። ስትገቢ ሽቅብ ውጪና የሎሚዎቹ ደረጃ ጋ ታገኚናለሽ።»

ጃርዲኖ የምትለው የጥንት መሳፍንት ያሠሩትን ትልቁን የአትክልት ቦታ ነው። ስንት ጊዜ በደጁ አልፌያለሁ፤ ገብቼበት ግን አላውቅም።

«ታገኚናለሽ? ከማን ጋ ነሽ?»

«አይ… እንዲሁ ነው። ብቻ ነይ። ደግሞ ምሳሽን በደንብ ብዪ፤ ባዶ ሆድሽን እንዳትመጪብኝ።»

«ብዙዬ፣ ምን ሆነሻል? ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ እኮ! አታጨቃጭቂኝ፣ ሲኞራዬ ራሴ ላይ ቆማለች» ብላ ዘጋችው።

ያንን ሁለት ቀን እንዴት እንዳሳለፍሁት እኔና ፈጣሪዬ እናውቃለን። ልጆቹን አበላለሁ፣ አልብሳለሁ፣ ልብስ እተኩሳለሁ፤ ልቤ ግን «ምሳሽን ብዪ» የምትለው ቃል ላይ ተቸንክሯል። ሐሙስ ምሳ ላይ ሁለቴ ጎርሼ ሦስተኛው አልወርድ አለኝ። ልወጣ ስል ጥቁር ሻርፕ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁ። ደግሞ ሟርት መሰለኝና መልሼ አወጣሁት።

ድልድዩን ተሻገርሁና በትልቁ በር ገባሁ። ዛፉ እንደ ግድግዳ ተከርክሞ ቆሟል፤ መንገዱ ነጭ ጠጠር ነው፤ በየጥጉ የድንጋይ ሰዎች ራቁታቸውን ተገትረዋል። ዓይኔን ሰብሬ ሽቅብ ወጣሁ። ከላይ በኩል ጽድ የሚመስሉ ረጃጅም ዛፎች ጥቅጥቅ ብለው ይታያሉ። በኛ አገር ኮረብታ ላይ ያረጀ ዛፍ ከተጠቀጠቀ ታቦት አለ ማለት ነው፤ ሳላስበው ቆም ብዬ አማተብሁ። ሰላም ለኪ እየደገምሁ ነበር የምወጣው፤ ግን መሐል ላይ እየጠፋኝ እንደገና ከመጀመሪያው እነሣለሁ።

የሎሚዎቹ ደረጃ የተባለው ሰፊ የድንጋይ ደረጃ ነው። የሎሚ ዛፎች በሰው ቁመት ልክ፣ በትልልቅ ሸክላ ተተክለው ግራና ቀኝ ተደርድረዋል። አበባቸው ያውዳል። ከደረጃው አናት ላይ የድንጋይ አግዳሚ አለ፤ ሦስት ሰዎች ተቀምጠውበታል።

አንዷ ብዙነሽ ናት። እንደዚያ ዝም ብላ ተቀምጣ አይቻት አላውቅም።

መሐል ላይ ጥቁር ሻሽ ያሰረች፣ ጥቁር መነጽር ያደረገች ትልቅ ሴት አለች። በመነጽሩ ሥር በመሐረብ ዓይኗን ትጠርጋለች። ቀረብ ስል ለየኋት፤ እትዬ ዘይነባ ናቸው! ባሕር ዳር፣ ከእናቴ ቤት አጥር ለአጥር የሚኖሩት፣ ጨርቅ የሚነግዱት እትዬ ዘይነባ። በሕልሜ ነው ወይስ በእውኔ?

ሦስተኛው ጋሽ አድማሱ ናቸው።

እኔን ሲያዩ ሦስቱም አንድ ላይ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ጋሽ አድማሱ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን እኔ አላደረግሁትም ማለት ይቀለኛል። «እናቴን!» ብዬ ስጮኽ የሰማሁት ድምፅ የራሴ አልመስል አለኝ። ደረጃው አናት ላይ ወደቅሁ። በዓለ ሃምሳ ነው፣ ስግደት እንኳ የማይሰገድበት ወራት ነው፤ እኔ ግን በደረቴ ጠጠሩ ላይ ተደፋሁ። «ሳላስታምምሽ! ሳልቀብርሽ! ቶሎ ነይ ብለሽኝ ሳልመጣልሽ!» እያልሁ ደረቴን መታሁ።

ብዙነሽ ሮጣ መጥታ ላዬ ላይ ወደቀች። «ውይ በሞትሁት! ማን ነገረሽ? ማንጠግ፣ ማን ነገረሽ?» አለችኝ።

ማን ነገረሽ ስትል የቀረችኝ ጥቂት ተስፋም ተቆረጠች። ባሰብኝ። እሷም አብራኝ ማልቀስ ጀመረች።

እትዬ ዘይነባ ደግሞ «እናቴን» የምትለውን ቃል ሲሰሙ፣ «ምን አልሽ? ጓደኛዬ? ያች ደግ?» ብለው በሁለት እጃቸው ራሳቸውን ያዙ። «ወይኔ ጓደኛዬን! ምነው እኔ በወጣሁ ማግስት!» ብለው አነሡት። የጎጃም ለቅሶ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ኮረብታው ሁሉ ዞሮ አየን። ፎቶ ያነሡ የነበሩ ሰዎች መሣሪያቸውን ዝቅ አደረጉ። አንድ ዘበኛ ሰው ከደረጃው የወደቀ መስሎት ፊሽካውን እየነፋ በሩጫ መጣ።

አንዲት ነጭ ጠጉር ያላቸው ጣሊያናዊት ባልቴት ደግሞ ከአጠገባችን ነበሩ መሰለኝ። ምንም ሳይጠይቁ መጥተው ጠጠሩ ላይ ከጎኔ ተቀመጡ፤ ራሴን አንሥተው ጭናቸው ላይ አደረጉት። ሳያቸው እሳቸውም እንባቸው ይወርዳል።

ጋሽ አድማሱ ብቻ ቆመው ቀሩ። ጥቂት ቆይተው እንደ ልማዳቸው ጎንበስ አሉና በዚያ ዝቅ ባለ ድምፃቸው፣ «አይዞሽ ልጄ። እግዚአብሔር ያጽናሽ። መቼ ነው ያረፉት?» አሉኝ።

«እኔ ምን አውቄ!» አልሁ። «እርስዎ አይደሉ የሚያውቁት?»

«እኔ? እኔ ከማን ሰምቼ?»

«ታዲያ ሊነግሩኝ አይደል የመጡት?»

ጋሽ አድማሱ ቀና አሉ። ብዙነሽን አዩ፣ እትዬ ዘይነባን አዩ። «እኔ የመጣሁት» አሉ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ «እንግዳዋ መንገዱን አታውቅም አድርስልኝ ተብዬ ነው። ደግሞም ሎሚው አብቧል ስላሉኝ ነው። ሌላ የማውቀው የለኝም።»

ለቅሶው በአንድ ጊዜ ቀጥ አለ። ተያየን።

«ቆይ» አለች ብዙነሽ አፍንጫዋን እየጠረገች፤ «አንቺ ከማን ሰማሽ?»

«ከናንተ!»

«እኛ ምን አልን? እንግዳሽን በድንገት ላሳይሽ ብዬ ነበር እንጂ አፋችንን መቼ ከፈትን?»

«ምሳሽን ብዪ አላልሽኝም?»

«እህ! እዚህ የሚበላ ነገር ስለማይሸጥ ነዋ! ስራብ ጨጓራዬን ያመኛል ስትዪ አልከረምሽም?»

«እትዬ ዘይነባስ? ሲያለቅሱ አላየሁም?»

እትዬ ዘይነባ መነጽራቸውን ገፋ አደረጉት። አንድ ዓይናቸው ቀልቷል። «ልጄ፣ ዓይኔን ቀድደውኝ እኮ ነው! እዚህ ያለችው ልጄ ናት ለሕክምና ያስመጣችኝ። ጠብታ ያደርጉብኛል፣ ቀኑን ሙሉ ያፈስሳል። ዛሬ ከሥራ እረፍት የላትም፣ ለነዚህ አደራ ሰጠችኝ።» ከዚያ ትከሻዬን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ነቀነቁኝ። «እናትሽ አለች! ስሚኝ! አውቶቡስ ተራ ድረስ በእግሯ ሸኝታኛለች። ወላሂ አለች!»

እኔ ግን አላመንሁም። እውነቴን ነው የምላችሁ፤ አላመንሁም። ሰው አለቅጥ ሲያዝን ሽማግሌዎች አዝነው የሚያስተዛዝኑት እንደዚህ ነው ብዬ ጠረጠርሁ። «አይደብቁኝ እትዬ ዘይነባ፤ ቁርጤን ልወቅ። ካለች ለምን አልጻፈችልኝም?» አልሁ።

እትዬ ዘይነባ ግራና ቀኝ አዩ። ዘበኛውን አዩ፣ ባልቴቷን አዩ፣ ከበላያችን የቆመውን ራቁቱን የድንጋይ ሰውዬ ሳይቀር አዩት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እዚህም ጆሮ አለ እንዴ?» አለች ብዙነሽ።

«ጆሮማ የት የለም?» አሏት። ወደኔ ዞሩና፣ «ቀበሌ ጠርተው ጠየቋት። ከውጭ የሚጽፍልሽ ማነው፣ ምንድነው የምትጻጻፉት አሏት። ደብዳቤሽንም ከፍተው ነበር የሰጧት። ልጁ ዲያቆኑም ፈራ። እሷም ‘ልጄን ከነገር አላስገባም፤ ዝም ብዬ እጸልይላታለሁ’ አለችና ተወችው» አሉኝ።

«ይኸ የድሮ ነው። ዛሬ መኖሯን በምን አውቃለሁ?»

እትዬ ዘይነባ ተቆጡ። «እሺ ይኸን ስሚ! ከሁዳዴ በፊት ነው፤ ጉማሬ ከሐይቁ ወጥቶ ጎመኗን አንድም ሳያስቀር ጋጠባት። እናትሽ ነጠላዋን አደግድጋ ቀበሌ ሄደች። ሊቀመንበሩ ምን ቢላት ጥሩ ነው? ‘እማማ፣ የዱር እንስሳት የሰፊው ሕዝብ ሀብት ናቸው፣ ምንም ማድረግ አይቻልም’ አላት። እሷስ ምን ብትለው ጥሩ ነው?»

«ምን አለችው?»

«‘እንግዲያው ሰፊው ሕዝብ ጎመኔን ይተካልኝ!’»

አመንሁ። ያን ጊዜ አመንሁ። ይኸን የሚመልስ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ እናቴ። ድምፅዋ ራሱ መጣብኝ፤ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ አገጯን ቀና አድርጋ። ከሆዴ የወጣው ሳቅ ይሁን ለቅሶ አላውቅም። ብዙነሽም ጠጠሩ ላይ ተንከባልላ ሳቀች። ጋሽ አድማሱ እንኳ ጥርሳቸው ታየ። ወዲያው ግን አኮረፉ።

«እኔ ግን ከእንግዲህ ማን ቤት ልሄድ ነው?» አሉ። «ሰው ገና ሲያየኝ የሚያለቅስ ከሆነ!»

ዘበኛው በወረቀት ኩባያ ውኃ ይዞ ቆሞ ነበር። ጋሽ አድማሱ በጣሊያንኛ አስረዱት። ሲሰማ ግራ ገባው፤ እኔን አየ፣ ውኃውን ራሱ ጠጣውና ሄደ። ቀጥሎ ለባልቴቷ ነገሯቸው፦ የሞተ ሰው የለም፣ እናትየው ደህና ናቸው። ባልቴቷ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። እኔ ከጭናቸው ተነሥቼ በከንቱ ስላስለቀስኋቸው ይቅርታ ጠየቅሁ። ፊታቸውን ጠረጉና፣ «ግድ የለም ልጄ፤ እኔም የማለቅስላት አለችኝ» አሉኝ። ቀሚሳቸውን አራግፈው፣ በዝግታ ቁልቁል ወረዱ። ስማቸውንም አልጠየቅሁም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት እንዲህ ነው ብዬ ለመግለጽ ይቸግረኛል። ሰው ከእጁ የወደቀ ነገር መሬት ሳይደርስ መልሶ ሲቀልበው ያለውን ስሜት ታውቁት እንደሆነ፣ እንደዚያ ነበር። እግሬ መሬት አልረገጠም። ጃርዲኖውን ስንዞር ዋልን። እትዬ ዘይነባ እጄን ይዘው ይሄዳሉ፤ ብዙነሽ ከፊት ከፊት እየሄደች የድንጋዮቹን ራቁትነት ትተቻለች። «ይኸን ሁሉ ሲጠርቡ አንዲት ሽርጥ መጥረብ አቃታቸው?» ትላለች።

ከኮረብታው ማዶ ክብ ኩሬ አለ። ከመሐሉ ደሴት አለችው፤ ደሴቷ ላይም ሎሚ ተተክሏል። እትዬ ዘይነባ ወደ አጥሩ ተጠግተው በደህናው ዓይናቸው ብዙ አዩ።

«ሐይቃቸው ይቺ ናት?» አሉ።

«ይቺ ናት።»

«ደሴትም ያውም! ወይ ጉድ። ታንኳ አይዞርባት።» ከአጥሩ ዘወር አሉና፣ «አየሽ፣ ሰው ያው ነው። ሐይቅ የሌለው ቆፍሮ ያመጣል» አሉ።

እኔ ግን ኩሬዋን ሳይ ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። ልጅ ሳለሁ አባቴ ጣና ደሴት ላይ ያለውን ክብራን ገብርኤልን ሊሳለም ሲሄድ ታንኳ ውስጥ ይዞኝ ይሄድ ነበር። እዚያ ሴት አትገባምና እኔ ከቀዛፊው ጋር ዳር ላይ እጠብቃለሁ። ከሐይቁ ዳር የበቀለው ደንገል በነፋስ ይንሿሿል። የማሕሌቱ ድምፅ ከዛፉ ውስጥ ይመጣል፣ ይጠፋል። አባቴ ጸበል በቅል ይዞልኝ ይወርዳል። ያን ጊዜ መጠበቅ እንዴት ቀላል ነበር! የሚመጣው እንደሚመጣ አውቃለሁ። ፍሎረንስ ላይም እንደዚያው ዳር ላይ ተቀምጬ ነበር የምጠብቀው፤ ግን ማንም የሚወርድልኝ የለም።

አመሻሹ ላይ ከሁሉ ከፍ ወዳለው ቦታ ወጣን። ከተማው ከነቀይ ጣራው ከሥራችን ተዘርግቷል። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ጭጋጉ ሜዳውን ሞላውና፣ ለአንድ አፍታ ከቤዛዊት ኮረብታ ላይ ቆሜ ጣናን የማይ መሰለኝ። ይፋግም ቆላ ድባም ከዚያው ሐይቅ ዳር ናቸው፤ ሁላችንም የየራሳችንን ጭጋግ ነበር የምናየው።

እትዬ ዘይነባ ሰላታቸው ደረሰ። «አድማሱ፣ መካ በየት በኩል ነው?» ብለው ጠየቁ። ጋሽ አድማሱ ፀሐይዋን አይተው፣ ዞረው፣ እጃቸውን ዘረጉ።

«ባሕር ዳርስ?» አልሁ እኔ።

እጃቸውን ጥቂት ወደ ቀኝ አደረጉት። ጥቂት ብቻ።

እትዬ ዘይነባ ከላይ የደረቡትን ነጠላ አነጠፉ። እኔም ከጎናቸው ቆሜ ነጠላዬን አስተካከልሁና ወደዚያው ዞርሁ። እሳቸው በእሳቸው፣ እኔ በእኔ፤ የምናመሰግነው ግን ስለ አንዲት ሴት ነበር። ዘበኛው በሩ ሊዘጋ ነው ብሎ ፊሽካ እስኪነፋ ድረስ ማንም አላቋረጠንም።

ስንለያይ እትዬ ዘይነባ፣ «ምን ብዬ ልንገርልሽ?» አሉኝ። ስንት ዘመን የተጠራቀመ ነገር ነበረኝ።

«ደህና ናት ይበሉልኝ። ጾሟን ትጾማለች ይበሉልኝ። ደግሞ… አልቅሳብሻለች እንዳይሉብኝ። ሟርት ይመስላታል።»

«ይኸንንማ ሳልነግራት አላድርም!» አሉ እየሳቁ።

ነገሯትም። ከወራት በኋላ መልሱ በልጃቸው በኩል ደረሰኝ። እናቴ ወሬውን ስትሰማ ሆዷን ይዛ ሳቀች አሉ። ከዚያ እንዝርቷን አስቀመጠችና እትዬ ዘይነባን አንድ ነገር ጠየቀች፦ «እስቲ በይ ንገሪኝ፤ ደህና አድርጋ አለቀሰች?»

እትዬ ዘይነባም ሁሉንም ነገሯት። እንዴት እንደ ወደቅሁ፣ ምን ምን እንዳልሁ፣ ኮረብታው ሁሉ እንዴት ዞሮ እንዳየ፣ ባዕድ ሴት እንኳ ተቀምጣ እንዳለቀሰች። እናቴ ከመጀመሪያው ድገሚልኝ እያለች ብዙ ጊዜ አስነገረቻቸው አሉ። ጎረቤት ቡና ላይ ሲሰበሰብም ተነሥታ ታስነግር ነበር አሉ።

እናቴን ግን እንደገና አላየኋትም። ደርጉ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው፣ አገሩ ሁሉ ጦርነት ሆኖ መንገዱ ሲዘጋ ነው ያረፈችው። ወሬው የደረሰኝ ዘግይቶ ነው። ያን ጊዜ ብዙነሽ ካናዳ ገብታ ነበር። ጋሽ አድማሱም አልነበሩም፤ እዚያው ፍሎረንስ ቀብረናቸዋል። የእትዬ ዘይነባ ልጅ ናት የደወለችልኝ፤ አብሯት መጥቶ የሚያረዳኝ ሰው ስላልነበራት፣ አዝና፣ ተጨንቃ፣ በስልክ ነገረችኝ። ቤቱ ውስጥ እንግዶች ነበሩ። የምተኩሰው ሸሚዝ እጄ ላይ ነበር። «እሺ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ» ብዬ ዘጋሁት፤ ሸሚዙንም ተኩሼ ጨረስሁ።

ድምፄ አልወጣም። አንድም ቀን አልወጣም። ጸሎት አስደረግሁላት፤ ጥቁር ለበስሁ፤ አርባዋን በጾም አሰብሁ። ለቅሶ ግን አልተቀመጥሁም። አብሮኝ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም፤ ለቅሶ ደግሞ ለብቻ አይሆንልኝም። ይኸ ብዙ ዘመን ከነከነኝ። አንዲት ልጅ ብቻ ያላት ሴት እንዴት ሳይለቀስላት ትሄዳለች እያልሁ አምላኬን እወቅሰው ነበር።

አሁን አልወቅሰውም። በዚያ ሐሙስ በሰው ፊት የሆንሁትን ሳስብ ድሮ አፍር ነበር፤ አሁን ግን አላፍርም። እናቴን አላስታመምኋትም፤ አልቀበርኋትም። ነገር ግን ያገሬ ሰዎች ከበውኝ፣ መሬት ላይ ወድቄ፣ እንደ ወጉ አልቅሼላታለሁ፤ እሷም በሕይወቷ ሰምታዋለች።